ሰው “ገዛሁ” ሲል ምን ማለቱ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ሙዚቃ ቅጂ መብት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የድምፃውያኑን ጉዳት በሚገባ አስረድተዋል፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ብዕር ያስነሳኝ መጨረሻው ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሕዝቡ ስንት ዘፈን በነፃ እንደሚወስድና ስንቱን ገዝቶ እንደሚሰማ በመጠይቅ ይጠና፣ ለየባለሙያው የሚደርሰው ክፍያም በዚያ ቁጥር ይወሰን ይላሉ። ጥናቱ ይደረግ፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ሰው በአፉ የነገረንን ብቻ ይዘን የድምፃዊን እንጀራ እንዳንቆርስ እፈራለሁ። ይህን የምለው በመጠይቁ ወዲህም ወዲያም ተቀምጬ ስላየሁት ነው።

ከ1986 እስከ 2009 ዓ.ም. ደሴ፣ ፒያሳ፣ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ካሴት ሸጥኩ፣ ሲዲ ሸጥኩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ እንደ ጎረቤቶቼ በሩ ላይ “ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን” ብዬ ጽፌ ሚሞሪና ፍላሽ ስሞላ እውል ነበር። ሱቁን ዘግቼ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚገዛ፣ በምን ላይ ስንት እንደሚያወጣ እጠይቅ ነበር።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። በ1995 ዓ.ም. ድምፃውያኑ “ሥራችን እየተሰረቀ አዲስ ካሴት አናወጣም” ብለው ለወራት እንዳቆሙ ብዙ ሰው ያስታውሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዚያ በኋላ ወጣ። አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ይዘው ሱቄ መጡ። አንደኛዋ በትሕትና ጎንበስ ብላ “እትዬ፣ እዚህ ቤት ካሴት ይቀዳል?” አለችኝ።

“በፍጹም፤ የምንሸጠው ኦሪጅናል ብቻ ነው” አልኳት።

ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ዴኮች፣ የካሴት መቅጃዎቹ፣ እየቀዱ ነበር። ገና መልሴን ጽፋ ሳትጨርስ የአንደኛው ካሴት ጎን አለቀና ቀጭ ብሎ ቆመ። ሦስታችንም ሰማነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ አንገቷን ደፋች፣ “አይቀዳም” የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ሌላ ምን ታድርግ? የታዘዘችው የሚሏትን እንድትጽፍ ነው።

ለምን እንደዋሸሁ አስቤበታለሁ። አንዱ የግብርና የፖሊስ ፍርሃት ነው፤ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ “ምስጢር ይጠበቃል” ስትለኝ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ሌላው ሐፍረት ነው። የማከብራቸው ድምፃውያን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ተደርድሮ “አዎ፣ እነዚህን እቀዳቸዋለሁ” ማለት ከአፌ አልወጣም። ልጅቷ ትመረቅ አትመረቅ አላውቅም። በጽሑፏ ውስጥ ግን አንዲት ታማኝ ሙዚቃ ቤት ተቆጥራለች፤ ያቺ እኔ ነኝ።

ተማሪዎቹ የዚያን ዕለት ደንበኞቼንም በረንዳው ላይ ይጠይቁ ነበር። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ጧት ሦስት ካሴት ያስቀዱ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ “እኔ ኦሪጅናል ካልሆነ አልሰማም” አሉ። ወዲያው ደግሞ አንድ የሰኞ ገበያ ጎረምሳ ከጓደኞቹ ጋር መጣ፤ “ገዝቼ አላውቅም፣ ማን ለዘፈን ብር ይከፍላል?” ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ያ ልጅ የሚወደው ድምፃዊ አዲስ ሥራ ባወጣ ቁጥር ሱቅ ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ፣ ኦሪጅናሉን በላስቲኩ ገዝቶ በጃኬቱ ውስጥ ደብቆ የሚሄድ ልጅ ነው። ሁለቱም ዋሹ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ስለዚህ “ሰው ጥፋቱን ይደብቃልና የተገኘው ቁጥር ላይ ትንሽ እንጨምርበት” የሚለው ብልሃት አያዋጣም። ምን ያህል ይጨመራል? ለማንስ ይጨመራል?

ይህን ብልሃት እንግሊዞች ሞክረውት ያመጣውን ጣጣ ስታቲስቲክስ ያጠናችው ልጄ ናት ያስረዳችኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪታኒያ “7 ሚሊዮን ሰው ሙዚቃና ፊልም በሕገ ወጥ መንገድ ይለዋወጣል” የሚል ቁጥር በየመንግሥት ሰነዱና በየጋዜጣው ይጠቀስ ነበር። የቢቢሲ ሬዲዮ የቁጥር ፕሮግራም አዘጋጆች ምንጩን ፈልገው ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ ለሙዚቃ አሳታሚዎቹ ማኅበር በተሠራ አንድ ጥናት ላይ ደረሱ። የተጠየቁት ኢንተርኔት ያላቸው 1,176 ቤተሰቦች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ “አዎ፣ እንለዋወጣለን” ያሉት 136 ናቸው፤ 11.6 በመቶ መሆኑ ነው። አጥኚዎቹ “ሰው ጥፋቱን አያምንም እንጂ ከዚህ ይበልጣል” ብለው ወደ 16.3 በመቶ ከፍ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ይህን በ40 ሚሊዮን ገደማ የኢንተርኔት ተጠቃሚ አባዙት፤ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ግን ተጠቃሚው 33.9 ሚሊዮን ነው ይል ነበር። 6.7 ሚሊዮን ወጣ፤ ተጠጋግቶ 7 ሆነ። ሰዎቹ ያሉትን ብቻ ይዘው በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ቢያባዙት ኖሮ የሚያገኙት 3.9 ሚሊዮን ነበር። ከ136 ሰው አፍ የወጣ ቃል በግምት ሲያብጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የአሜሪካኖቹ ደግሞ ሌላ ነው፤ እኔን ይበልጥ የነካኝም እሱ ነው፤ የዴኩን ድምፅ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጸደይ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን በስልክ ሲጠይቅ 29 በመቶው ሙዚቃ ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ብሎ ነበር። በመስከረም የሙዚቃ አሳታሚዎቹ ማኅበር በአንድ ቀን 261 ተራ ሰዎችን ከሰሰ። በኅዳርና በታኅሣሥ ያው ተቋም ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ “አዎ” ያለው 14 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ሰው በእርግጥ መቅዳት አቁሞ ነው ወይስ መናገር? ከዚያው ሪፖርት ጋር ከኮምፒውተሮች ላይ በቀጥታ የተለካ መረጃም ወጥቶ ነበር፤ በዚያ መሠረት በጊዜው ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው ካዛ የተባለው ፕሮግራም በአንድ ዓመት ውስጥ ያጣው ተጠቃሚ 15 በመቶ ገደማ ነው። ከሱ አብልጠው ያጡ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ ስለዚህ ክሱ ማንንም አላስፈራም አልልም። የተቋሙ ሰዎች ራሳቸው ግን አንዳንዱ መላሽ እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል አልሸሸጉም። እኛም አገር አዋጁን የማስከበር ዘመቻ በተጀመረ ማግስት መጠይቅ ብንበትን የሚወርደው ቁጥር የቅጂው ይሁን የምላሱ በምን እናውቃለን?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፍርሃትና ስለ ሐፍረት ነው። መረጃ ሰብሳቢ ከሆንኩ በኋላ ያየሁት ግን ከውሸት የከፋ ነገር አለ፤ ሰው እውነቱን እየተናገረ ቁጥሩ የሚሳሳትበት።

አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ አንዲት እናት ቤት ገብቼ “ባለፉት 12 ወራት ለሙዚቃ ወይም ለፊልም ያወጡት ገንዘብ አለ?” ብዬ ጠየቅኩ። “እንዴታ፣ ብዙ ጊዜ እገዛለሁ” አሉ። “ከየት?” ስል “እዚህ ታች ካሉት ልጆች ነዋ፤ 10 ብር ሰጥቼ ሚሞሪዬን ይሞሉልኛል።” ሴትዮዋ አልዋሹም። ገንዘብ ከመቀነታቸው ወጥቷል፣ ዘፈን ወደ ስልካቸው ገብቷል፤ ይህ በእኛ ቋንቋ መግዛት ነው። ለድምፃዊው አንድም ሳንቲም እንዳልደረሰው አያውቁም፤ ማንስ ነግሯቸው? ታብሌቱ ላይ ያለው ምርጫ “ገዝቷል” እና “አልገዛም” ብቻ ነበር። “ገዝቷል” የሚለውን ነካሁት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ያንኑ 10 ብር ስቀበል የነበርኩት እኔ ነኝና። በማግስቱ ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኩት፤ ቅጹ ከላይ የመጣ ስለሆነ መለወጥ አይቻልም አለኝ።

“ኦሪጅናል” የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ኦሪጅናል የሚለው አሳታሚው ያወጣውን ነው። ደንበኛው ግን ጥርት ብሎ የተቀዳውን ሁሉ ኦሪጅናል ይላል። “እትዬ ይሄ ኦሪጅናል ነው አይደል?” ብሎ የራሴን ቅጂ እያገላበጠ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነበር።

ወራቱም መልስ ይለውጣል። ደሴን ለሚያውቅ ይህ ግልጽ ነው። በረመዳን ምን ትሰማለህ ብትሉት መንዙማ ይላችኋል፤ በዐቢይ ጾም መዝሙር ይላችኋል። እኔ ሁለቱንም በብዛት እሸጥ ነበር፤ ነገር ግን በጾሙም ወራት ዘፈኑ ከመጋረጃው ኋላ አላቆመም። ሰው ሊሆን የሚፈልገውን ነው የሚነግራችሁ፤ እሱም ቢሆን ከልቡ ነው። ለዓመት በዓል ሰሞን ብትጠይቁት ደግሞ የበዓሉን ግዢ የዓመቱ ሁሉ አድርጎ ያወራላችኋል። ብዛቱንማ ተዉት። አንድ ባለ 8 ጊጋ ሚሞሪ ከሺህ በላይ ዘፈን ይይዛል፤ “ሙላልኝ” ብሎ የሄደ ሰው ስንት እንዳስጫነ ከየት አምጥቶ ይነግራችኋል? ግማሹን እኮ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍተው ነው የሚያጠፋው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። ከመጠይቅ የሚገኝ አንድ የሚያጓጓ ውጤት አለ፤ “የሚቀዳ ሰው ይበልጥ ይገዛል” የሚል። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ 2,100 ያህል ሰው ተጠይቆ፣ በለንደን ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቢርጊት አንደርሰንና ማሪዮን ፍሬንዝ ለካናዳ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በ2007 ያቀረቡት ጥናት፣ ከሚቀዱት ሰዎች መካከል በወር አንድ አልበም ጨምሮ የሚያወርድ ሰው በዓመት 0.44 ሲዲ ጨምሮ ይገዛል አለ። ዓለም አስተጋባው። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2010 ያንኑ መረጃ እንደገና ሠርተው ሲያሳትሙ ግን በማውረድና በመግዛት መካከል ግንኙነት አላገኙም። በ2009 ብሪታኒያ ውስጥ ለዴሞስ ተቋም በተሠራ መጠይቅ ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ አወርዳለሁ ያሉት በዓመት 77 ፓውንድ፣ አላወርድም ያሉት 44 ፓውንድ ለሙዚቃ እንደሚያወጡ ተናገሩ። ሁሉም ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ደረሰኝ ያየ የለም።

እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አንድ የኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። በየቀኑ የሸጥኩትን የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ለኦሪጅናል “ኦ”፣ ለቅጂ “ቅ”፣ ኋላ ደግሞ ለማስጫን “ጭ” እያልኩ። መጀመሪያ የጀመርኩት ባዶ ካሴቱና ገንዘቡ አልገጥም ስላለኝ ነው፤ ዱቤ የሚወስዱትንም በስማቸው እጽፍ ነበር። በደብተሬ ውስጥ ከማንም በላይ “ኦ” ያለው ያ ሹፌር ነው። ከማንም በላይ “ቅ” ያለውም እሱ ነው። ኦሪጅናሉን ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ አቧራና ሙቀት ባለበት መኪና ውስጥ ቴፑ እንዳይበላበት ቅጂውን ያስቀዳል። ሌላ ሰው ያወጣውንም ይቀዳል። ሰውየው ሙዚቃ ይወዳል፤ በቃ። ሙዚቃ የማይወድ ሰው አይገዛም፣ አይቀዳምም። ታዲያ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ “ቅጂ ሽያጭን አሳደገው” ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ቅጂ ባይኖር ኖሮ ሹፌሩ ስንት ይገዛ እንደነበር አንድም መጠይቅ አይነግረንም። እሱንም ብትጠይቁት አያውቀውም።

ይህን የምጽፈው መጠይቅ ይቅር ለማለት አይደለም። ያ ሥራ እኔን አስተዳድሮኛል፤ በዝናብ እየዞሩ በቅንነት የሚጠይቁ ወጣቶችንም አውቃለሁ። ግን የሚሻሻልበት መንገድ አለ። አንደኛውን ልጄ አሳየችኝ፤ መሠረቱን የጣለው ስታንሊ ዋርነር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965። እኔ በገባኝ ቀለል ባለ መልኩ ልንገራችሁ። መላሹ አንድ ብር ሳንቲም ወርውሮ እኔ ሳላይ ያየዋል። አንበሳው ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን “አዎ” ይበል። ሚዛኑ ከወጣ እውነቱን ይናገር። “አዎ” ሲለኝ ሳንቲሙ ይሁን እሱ አላውቅም፤ ፖሊስም አያውቅም። ከ100 ሰው 50 ያህሉ በአንበሳው ምክንያት “አዎ” ይላሉ። በጠቅላላው 70 “አዎ” ካገኘሁ ትርፉ 20 ከቀሩት 50 ሰዎች የመጣ ነው፤ ስለዚህ ከ100 ሰው 40 ያህሉ ይቀዳሉ ማለት ነው። የዚያች ተማሪ መጠይቅ ሳንቲም ይዞ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት እኔም እውነቱን እናገር ነበር።

የቃል ጉዳይ ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም። “ይገዛሉ?” ከማለት “መጨረሻ የሰሙት አዲስ ዘፈን እንዴት ስልክዎ ውስጥ ገባ?” ይባል። ከጓደኛ በዜንደር ተላከልኝ፣ ከቴሌግራም አወረድኩ፣ ሱቅ አስጫንኩ፣ ወንድሜ ሞላልኝ ይላል። እዚህ ውስጥ የሚያሳፍር ቃል የለም፤ ስለዚህ ሰው አይሸሽም። ስለ ዓመት ከመጠየቅ ስለ ትናንትና ስለ ዛሬ መጠየቅም ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ዱካ የሚተው ነገር እያለ በአፍ ብቻ አንመን። ብዙ ሰው “ለሙዚቃ አልከፍልም” ይላል፤ ስልኩ ላይ ግን በየወሩ ሒሳብ የሚቆረጥበት የጥሪ ማሳመሪያ አለው። ይህ በኩባንያው መዝገብ ላይ ያለ እውነተኛ ግዢ ነው፤ የየትኛው ዘፈን እንደሆነም ይታወቃል። መዝገብም ቢሆን ክርክር አይጨርስም፤ ፊሊክስ ኦበርሆልዘር-ጊና ኮልማን ስትረምፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኮምፒውተር ሰርቨሮች ላይ የወሰዱትን የማውረድ መዝገብ ከአልበም ሽያጭ ጋር አስተያይተው “ጉዳቱ ከዜሮ አይለይም” ብለው በ2007 ሲያሳትሙ፣ ሌሎች ምሁራን አጥብቀው ተቃወሟቸው። ቢያንስ ግን የሚከራከሩት በተደረገ ነገር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አሳሰበኝ? ክፍያው በመጠይቅ ይከፋፈል ከተባለ የሚጎዳውን አውቀዋለሁ። ሰው “የማንን ሥራ ገዛህ?” ሲባል የሚጠራው ስመ ጥሩን ነው። ስሙን መጥራት ክብር የሚሰጠውን ይጠራል። ደብተሬ ውስጥ ግን ከወረኢሉና ከወሎው ቦረና የመጡ፣ አንድ ካሴት ብቻ አውጥተው የቀሩ፣ ገበያ በዋለ ቁጥር ገጠሬው እየመጣ “ያቺን የባላገሯን ስጪኝ” የሚላቸው ድምፃውያን አሉ። ገዢዎቻቸው ስማቸውን እንኳ አያውቁትም፤ በዜማው ነው የሚጠይቁኝ። መጠይቁ ላይ የእነሱን ስም የሚጽፍ አይገኝም።

ደብተሮቹ 11 ናቸው። ሁለቱን ውሃ ነክቷቸዋል፤ ይነበባሉ። ይህን ጉዳይ ከልቡ የሚያጠና ሰው ካለ እሰጣለሁ፤ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ሊያገኘኝ ይችላል። የዱቤ ደንበኞቼን ስም ግን አስቀድሜ በእጄ እሰርዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ